ያልታረሰ ሜዳ

አሜሪካኖች የሚያዘወትሩት አንድ ጉዞ አለ። በጋቸው ሲገባ አባትና ልጅ፣ ወይም ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ መኪናቸውን አስነስተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የድሮ የቤዝቦል ስታዲየሞችን ይጎበኛሉ። ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው ፌንዌይ ፓርክ አለ። ቺካጎ ላይ በ1914 የተሠራው፣ የሜዳው ግንብ ሐረግ የለበሰው ሪግሊ ፊልድ አለ። ጊዜና ነዳጅ የተረፈው ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ አላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ ይደርሳል፤ እዚያ ከ1910 ጀምሮ የቆመ ሪክዉድ ፊልድ የሚባል ሜዳ አለ። ጨዋታ በሌለበት ቀን እንኳ ይሄዳሉ። ባዶ ወንበርና የታጨደ ሣር አይተው፣ እጃቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ።

ለምን? ገበሬ ደክሞ ጎተራ ይሞላል። ግንበኛ ግድግዳ ያቆማል፤ ሸማኔም ጋቢ ያወርዳል። ተጫዋች ግን ቀኑን ሙሉ ሮጦ ሲያበቃ በእጅ የሚጨበጥ ነገር አላበጀም። ጨዋታ ካለቀ አለቀ ነው። ታዲያ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው መንገድ ጀምሮ የሚያየው ምኑን ነው?

ይህ ጥያቄ ከላሊበላ ተነስቼ በወልዲያና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስጓዝ አብሮኝ ነበር። ቤዝቦል በዚያ መንገድ ላይ የለም። ዱላና ኳስ ግን አለ፤ ስታዲየምም አለ፤ ባዶ ሜዳም አለ። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ባዶው ሜዳ ነው።

ላስታን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ አገር ሜዳ ውድ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ አንስቶ ወደ ተከዜ እስከሚወርደው ሸለቆ ድረስ አገሩ ገደልና ሸንተረር ነው። ገበሬው ዳገቱን በእርከን ደግፎ፣ በሬ ቆሞ የሚሄድበት የማይመስለውን ቁልቁለት ያርሳል። ከአንድ አውድማ የማይሰፋ ማሳ አይቻለሁ። ገብስ ተዘርቶበት ታጭዷል፤ ከታች በኩል በደረቁ የተካበ የድንጋይ እርከን አፈሩን ይዞታል፤ ካቡ በአንድ ቦታ ተንዶ እንደገና በአዲስ ድንጋይ ተጠግኗል። ያንን አፈር እዚያው ለማቆየት የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጉልበት ፈስሷል።

በዚህ አገር መሐል፣ ከመንገዱ ዳር፣ ማረሻ ያልነካው ደልዳላ መስክ ድንገት ይገጥማችኋል። ለጥ ያለ ነው። አፈሩ ከዳገቱ ታጥቦ የወረደ ጥቁር አፈር ነው፤ ቢታረስ ከዙሪያው ማሳ ሁሉ የተሻለ ምርት ይሰጣል። ያንን የማያውቅ ገበሬ በአካባቢው የለም። ሆኖም አልታረሰም። ከብት ይግጥበታል። ለቅሶ ሲኖር አስከሬን ከመቃብሩ በፊት እዚያ ያርፋል፤ አልቃሽ ዙሪያውን ይዞ ይቆማል። ሰርገኛ ያልፍበታል። የተጣላ ሰው በሽማግሌ ይታረቅበታል። ገና ሲቃረብ ደግሞ ዱላና ጥንግ ይወጣል።

የላስታ ጥንታዊ ስታዲየም ይህ መስክ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ማንም አልገነባውም። ሰው ሁሉ፣ ትውልድ ከትውልድ፣ አላረሰውም። መሬት በጠበበበት፣ ልጅ ከወላጁ ጥማድ መሬት በሚካፈልበት አገር፣ ደልዳላ ቦታ እያዩ ማረሻን መመለስ ከማረስ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ጉልበት ግን ማንም ሥራ ብሎ አይቆጥረውም፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለውም። ታሪክ ጸሐፊ የተሠራውን ይመዘግባል። ሳይነካ የቀረውን የሚመዘግብ የለም።

ስለ ገና ጨዋታ ትንሽ ልበል፤ ብዙ የከተማ ሰው ስሙን እንጂ ነገሩን አያውቀውም። ዱላው ራሱ ገና ይባላል። አንድ ልጅ ሲሠራው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ የወይራ ቅርንጫፍ መርጦ ቆርጧል። ልጡን ልጦ፣ ጉብጠቱን በፍም ላይ እያገላበጠ አሞቀው፤ እንጨቱ ሲለሰልስ በሁለት ድንጋዮች መሐል ሰካና በጉልበቱ ተጭኖ ይበልጥ አጎበጠው። እስኪበርድ አልለቀቀውም። ከዚያ ቅቤ የነካ ጨርቅ አምጥቶ ከእጀታው እስከ ጫፉ ወለወለው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቅናቱን አየ፤ አልወደደውም መሰለኝ እንደገና ወደ ፍሙ መለሰው። ኳሷ ጥንግ ናት፤ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትጎነጎናለች። እንጨቷ ጥንግ ቅልጥም ስትመታ ምን እንደምታደርግ የተመታ ያውቃል።

የተጫዋቹ ቁጥር ልክ የለውም። ሁለት የታወቁ መቺዎች ይወጡና ተራ በተራ ሰው ይመርጣሉ፤ አንዳንዴም ላይኛው መንደር ከታችኛው ይገጥማል። ግቡ በዚህ በኩል ዛፍ ነው እንበል፤ በዚያ በኩል ጅረት። የተሰመረ መስመር የለም፤ ዳኛም ፊሽካም የለም። ማን እንዳለፈ፣ ማን እንዳላለፈ የሚፈረደው በጩኸትና በመተማመን ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው የቆየ ብሂልም ከዚህ የመጣ ነው። በሌላ ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ባላባት ገበሬው በዚያ ቀን በዱላ ጫፍ ያስተነፍሰው ነበር፤ በማግስቱ ግን ነገሩ አይነሳም ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ማዕረጉን ለአንድ ከሰዓት አውልቆ ሜዳው ዳር የሚያስቀምጥበት ቦታ ማግኘቱ፣ ማዕረግ በራሱ የሰው ስምምነት መሆኑን እንዲያስታውስ ያደርገዋል።

የጨዋታው ወቅትም ዝም ብሎ የተገጠመ አይደለም። ታኅሣሥ መጨረሻ እህሉ ተሰብስቧል፤ ማሳው ገለባ ብቻ ቀርቶታል። ከአጨዳ በኋላ የግል ማሳ ለጊዜው የሁሉ ግጦሽ ይሆናል፤ የማንም ከብት በማንም ገለባ ላይ ይገባል። ስለዚህ መስኩ የጠበበው ሰፈር በታጨደ ማሳ ላይ ጥንጉን ይመታል። እስከ በልግ ወይም እስከ ክረምት ድረስ ድንበር ይላላል። ኋላ ማረሻ ይገባና ስታዲየሙ ከነታሪኩ ይገለበጣል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይመጣል። አሜሪካኖቹ ሲሚንቶው መቶ ዓመት ስለቆየ ይደነቃሉ፤ እኔን የሚደንቀኝ በየዓመቱ እየፈረሰ በየዓመቱ የሚመለሰው ነው።

የላሊበላ ገና ራሱ ከዚህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም። በበዓሉ ጧት በቤዛ ኵሉ ሥርዓት ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ከላይ፣ በዓለቱ ጠርዝ በማሜ ጋራ ላይ ይሰለፋሉ፤ ግማሾቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ይቆማሉ። ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዙሪያውን ዓለቱን ሞልቶ የቆመው ሕዝብ ወደ ታች ይመለከታል። በትውፊታችን የገናን ጨዋታ የጀመሩት እነዚያው እረኞች ናቸው፤ የልደቱን ምሥራች ሲሰሙ ከብት የሚነዱበትን ዱላ ይዘው በደስታ ተጫወቱ ይባላል። እንግዲህ ቅጥሩ ውስጥ የሚዘመረውና መስኩ ላይ የሚመታው የአንድ ሌሊት ወሬ ሁለት ወገን ነው።

ሌላም ነገር አለ። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ድንጋይ በመደርደር አይደለም፤ ዓለቱን ከላይ ወደ ታች በመፈልፈል ነው። ጠራቢው የጨመረው ነገር የለም፤ ሁሉንም ያገኘው በመቀነስ ነው። አንዴ ያለቦታው የተመታ መሮ አይመለስም፤ ስለዚህ የጥበቡ ግማሽ የት እንደሚመቱ ማወቅ ሲሆን ግማሹ የት እንደማይመቱ ማወቅ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው የሚያየው መስቀል ሆኖ የተረፈ ዓለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን የተረፈ ዓለት ነው። በዙሪያው ያሉት መስኮች በማንም መዝገብ የሉም። እኔ ግን ሁለቱ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ይመስሉኛል፤ መተውን ከመሥራት እኩል የሚያውቅ ሕዝብ ጠባይ።

ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ሆሞ ሉደንስ በተሰኘ መጽሐፉ የመጫወቻ ቦታና የተቀደሰ ቦታ በቅርጽ አይለያዩም ይላል። ሁለቱም ከተራው ዓለም የተከለሉ፣ የራሳቸው ሕግ የሚሠራባቸው ናቸው። በሐሳቡ ግማሽ እስማማለሁ። ቤተ መቅደስ ግን ሰው ባይኖርበትም ቤተ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ አለ፣ በሩ ተዘግቶም የሚያልፍ ሰው ያማትባል። ሜዳ እንዲህ አይደለም። ሜዳ የሚኖረው ሰዎች ዛሬም ሜዳ ነው ሲሉ ብቻ ነው። አጥር በሌለበት በላስታ መስክ ላይ መከለያው ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ከግንብ ይልቅ ይሰበራል።

ይህን ወልዲያ ስደርስ አሰብኩት። ከጋሸና ተነስቶ ብርዳማውን ደጋ አቋርጦ፣ በዲልብና በሳንቃ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ከተማዋ ላይ ትልቅ ስታዲየም ያያል። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ለወልዲያ ያህል ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የከተማው ሰው በኩራት ቢናገርለት ተገቢ ነው። ቡድኑም በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር። ሰሜን ወሎ፣ ገና በዱላ የሚመታበት አገር፣ በአንድ ጊዜ ወንበርና ጣሪያ ያለው ሜዳ አገኘ።

ግንቡ በተመረቀ በዓመቱ ገደማ፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት በነበረበት ቀን ከተማዋ በሁከት ታወከች፤ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ። ወንበሩ ነበር። ሣሩ ነበር። መስመሩ በኖራ ተሰምሯል። ያልነበረው አንዱ ነገር ያ በልብ የሚሰመረው መስመር ነው። ከዚያ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያም ላሊበላም ደረሰ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አልልም፤ የጦርነት ምክንያት ከአንድ ሜዳ ይሰፋል። ነገር ግን ተጋጣሚና ጠላት የሚለያዩበት ወሰን መጀመሪያ የሚታየው ሜዳ ላይ ይመስለኛል፤ ሲደመሰስም መጀመሪያ የሚደመሰሰው እዚያው ነው። ተጋጣሚዬን እፈልገዋለሁ፤ እሱ ካልመጣ እኔም አልጫወትም። ዛሬ ባሸንፈውም ነገ ቆሞ እንዲመጣልኝ እመኛለሁ። የላይኛው መንደርና የታችኛው መንደር ቅልጥም ለቅልጥም ሲማቱ ውለው ማታ አንድ ጠላ ቤት የሚቀመጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ይህን ዕውቀት በ25 ሺህ ወንበር ልክ ማስፋት እንዴት ይቻላል? የዘመናችን ከባድ ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፤ በሲሚንቶ የሚመለስ አይደለም።

ከወልዲያ ወዲህ መንገዱ በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ደሴ ያደርሳል። ደሴ ላይ ሆጤ የሚባል ሜዳ አለ፤ ኮምቦልቻም የራሷ ስታዲየም አላት። በከሚሴና በሸዋ ሮቢት በኩል ቆላውን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሰው ሁለት ታላላቅ ሜዳዎች ያገኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያን ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳችው እዚህ ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ተክሌ ኪዳኔ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ራሱ ሉቺያኖና መንግሥቱ ወርቁ ያገቡት ጎል፣ የአሰልጣኙ የይድነቃቸው ተሰማ ስም፣ ያንን ቀን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። አስመራ ያደጉ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ የሆኑ ወንድማማቾች ለኢትዮጵያ ዋንጫ ሲያመጡ ሕዝቡ ያየው ሜዳ ነው። በዒድ ቀን ደግሞ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በዚሁ ስታዲየምና በዙሪያው ጎዳና ተሰልፎ ይሰግዳል። ለኳስ የተዘረጋው መሬት ግንባር የሚያርፍበት መሬት ይሆናል። በወሎ መንገድ መጥቶ ይህን የሚያይ ሰው አይደነቅም፤ አንድ መስክ ለብዙ ጉዳይ መዋሉን ከዚያው ለምዶታል።

በቅርብ ዓመታት ግን የብሔራዊ ቡድናችን የባለሜዳነት ጨዋታ በሰው አገር ሲካሄድ ቆይቷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ ከለከለ፤ እድሳቱም ዓመታት ፈጀ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። በባለሜዳነት ነው ያሸነፈችው፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ይህን ዜና በሰማሁበት ቀን ደስታዬ ከልቤ ነበር፤ ኀዘኔም እንደዚያው። 1954ን ያየው ሣር እያለ ልጆቻችን ጎል ሲያገቡ ከአገራቸው ሕዝብ ፊት አልነበሩም። ድል በቴሌቪዥን ይታያል፤ የድሉ ቦታ ግን ሄደው የማይሳለሙት ሆነ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ አባት ልጁን ይዞ የት ሄዶ "እዚህ ነበር" ይለዋል?

ሁለተኛው ጃን ሜዳ ነው። እንደ ስታዲየሙ ዙሪያውን የተገነባ አይደለም። ጥምቀት ይከበርበታል፤ ገና ተመትቶበታል፤ ፈረስ ጋልቦበታል፤ አገር አቋራጭ ሯጮች ተወዳድረውበታል። የተመልካች ወንበር የሌለው መሆኑን እንደ ድህነት የሚቆጥሩ አሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግን የሰዉን መጨናነቅ ለማቃለል የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በጥምቀት ሜዳ ተቆለለ። ብዙ ሰው ቅር አለው፤ ቅሬታውም እውነት ነበረው፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው ተለቅቆ ተጸዳ። ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ባልጠበቀችው ቀን ገበያዋን የምታሳርፍበት ቦታ ያገኘችው ከዚያ በፊት የነበሩ ሰዎች በዚያ መሬት ላይ ስላልገነቡበት ነው። ወደፊት ምን እንደሚመጣ አናውቅም። ባዶ ሜዳ ማለት ገና ስሙ ላልታወቀ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚጨርስ ቤት ደግሞ እንግዳ ሲመጣበት ያፍራል።

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት ዋሽንግተን የዚህን ተቃራኒ ታሳያለች። ከዩ ስትሪትና ከዘጠነኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ቢሄዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ከአገራችን ልጆች ስንቱ እዚያ ነርስ ሆኖ ይሠራል፤ ስንቱ ወገን ታማሚ ሊጠይቅ ገብቶ ወጥቷል። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ግሪፊት ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ዋሽንግተን ሴናተርስ ተጫውተውበታል፤ ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን የጥቁሮቹ ታላቅ ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስም ተጫውቶበታል። ስታዲየሙ ፈረሰ። መቺው ቆሞ ኳሷን ይጠብቅ የነበረበት ቦታ በሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎለታል። ሆስፒታል ከስታዲየም አይሻልም የሚል ሰው አይኖርም፤ እኔም አልልም። ግን አንድ ሰው ያንን ምልክት ሊያኖር ማሰቡ ልቤን ይነካዋል።

ዲትሮይት ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ታይገር ስታዲየም ከቦስተኑ ፌንዌይ ጋር በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ቡድኑ በ1999 ለቆት ሄደ፤ በ2008 እና በ2009 ግንቡ ተደረመሰ። የቀረው ባዶ መሬት አረም ዋጠው። ከ2010 ጀምሮ የከተማው ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸውና ሳይከፍላቸው፣ ማጨጃቸውን እየገፉ መጥተው አረሙን አጨዱ፤ ቆሻሻውን ለቀሙ፤ መሮጫ መስመሩን እንደገና ደለደሉ። ወንበር አልነበረም፣ ቡድን አልነበረም፣ ቲኬት አልነበረም። ሜዳው ግን ተመለሰ፤ ልጆች መጥተው ተጫወቱበት። መንገደኛውም መጥቶ አየው። እነዚህ ሰዎች በላስታ ያለውን ነገር አያውቁም፤ የሠሩት ግን ያንኑ ነው። እንግዲህ መንገደኛ ከመቶ ዓመት በኋላ ሄዶ የሚያየው ምን እንደሆነ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የሚያየው ሰዎች በአንድ መሬት ላይ የገቡትን ቃል ነው፤ የተጫወቱትን ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገር ሊያደርጉበት ሲችሉ ያላደረጉትንም።

ይህን ስል ግን አንድ ከባድ ነገር ይጠብቀኛል፤ አልፌው ብሄድ እውነተኛ አልሆንም። ወሎ ረኃብን የሚያውቅ አገር ነው። 1965 እና 1966 ዓ.ም.ን፣ ከዚያም 1977ን የሚያስታውስ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። መሬት የሌለው ወጣት በላስታ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ሆዱ ላልሞላ ሰው ስለ ባዶ ሜዳ ክብር መናገር ቀላል ነውን? ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጸሐፊ መስኩን አይቶ "ምን ያምራል" ብሎ ያልፋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እዚያው የሚኖረው ነው። የሜዳ ጥበቃ በሌላ ሰው ረኃብ የሚደረግ ከሆነ ስንቅ መሆኑ ይቀርና ግፍ ይሆናል።

ከላሊበላ ወጥቼ ጋሸና ሳልደርስ በአንድ እንዲህ ባለ መስክ ዳር ቆሜ ነበር። አንድ አዛውንት በግ ሲጠብቁ አግኝቼ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ጠየቅኋቸው።

"አባቴ፣ ይህን መስክ ማንም አላረሰውም?"

"አያቴም ገና ሲመታበት ነው የማውቀው። ዘንድሮ ግን ልጆቹ ይከፈለን ብለው አመልክተዋል።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"ምን እላለሁ ልጄ? እውነታቸውን ነው፤ መሬት የላቸውም። የእኔም የመጨረሻው ልጅ አንዱ ነው።" ዱላቸውን ወደ መስኩ ዘረጉ። "ቢከፈል ለያንዳንዱ ግማሽ ጥማድም አይደርሰው። ግማሽ ጥማድ አንድ ሰው አያጠግብም። ከብቱስ የት ይግባ? ሬሳውስ የት ይረፍ?"

"ታዲያ ምን ተወሰነ?"

"ከገና በኋላ እንነጋገር ተባብለናል። እነሱም እሺ አሉ። ገናውን ሳይመቱ መቼ ይሆንላቸዋል።"

ስብሰባው የት እንደሚሆን ስጠይቃቸው ግራ በመጋባት አዩኝ። "እዚሁ ነዋ" አሉኝ፤ "ሁላችንን የሚችል ሌላ ቦታ የት አለ?"

ከዚያ ተነስተው ወደ መስኩ ጠርዝ ወሰዱኝ። ከጎን ያለው ማሳ ገብሱ ታጭዶ ገለባው ቆሟል። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ፤ የማሳው የመጨረሻ ፈር ሣሩን ቆርጦ ወደ መስኩ ገብቷል፤ ከሥሩ የተገለበጠው ሣር ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ደርቋል። ከአምናው በአንድ ፈር ገፍቷል፤ ካቻምናም እንዲሁ በአንድ ፈር ገፍቶ ነበር። ማን እንዳደረገው ያውቃሉ። ስሙን ግን ለእኔ ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ በስብሰባው ቀን ለራሱ እነግረዋለሁ አሉኝ።